አርባው ሳይሞላ

ኅዳር 4

ከሮቢት ስመለስ የባጃጄ ጎማ ተነፈሰ። ሦስት ሰውና አንድ ፍየል ጭኜ ነበር። ፍየሏ ብቻ አላማረረችም።

ማታ ለእማዬ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ ነገርኳት። ቅጥሩ ሊሰፋ ነው። ምልክት የሌለው መቃብር ያለው ሰው መጥቶ ያሳይ፤ ባለቤት ያልተገኘለት አፅም ተለቅሞ ባንድ ይቀበራል ተብሏል። ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"ወንድምህን ፈልግልኝ" አለች።

ወንድሜን? ከኔ በፊት አንድ ልጅ እንደሞተባት አውቃለሁ። ስሜ ራሱ ይናገር የለ... ፈንታው። የሞተው ልጅ ፈንታ። ግን እስከ ዛሬ ስለሱ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ምን ነካት?

ኅዳር 5

ለምን አሁን? ብዬ ጠየቅኳት። ሐኪሙ ስለ ልቧ የነገራት ነገር አለ። ሁሉንም አልነገረችኝም። ከልጇ ጎን መቀበር ትፈልጋለች። የአባትህ መቃብር ሲሚንቶ አለው፣ አይጠፋም አለች።

የቱ ጋ ነው የተቀበረው? ከቅጥሩ ስር፣ በለሱ ጋ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ምስኪን... አርባው ሳይሞላ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰባ ሰባት ነው፣ ያ ድርቅ። አርባው ሳይደርስ አገር ጥለው ተሰደዱ፣ ተዝካሩ ሳይወጣ ቀረ። ይኼ ነው ሲከነክናት የኖረው። ታዲያ ምን ችግር አለው? ተዝካሩን እኔ አወጣለታለሁ። ወንድም አይደለሁ?

ስንት ዓመቱ እንደነበር አልጠየቅኩም። በሐሳቤ ሁሌም የሚሮጥ ልጅ ነው።

ኅዳር 9

ባጃጁን አቁሜ ቅጥር ግቢውን ዞርኩ። በለስ በየጥጉ አለ። ድንጋይም በየበለሱ ስር። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ጉብታ ሲጨቃጨቁ ደረስኩ፤ አንዱ አክስቴ ናት ይላል፣ ሌላው አያቴ ነው ይላል። ሟቹ ራሱ ቀና ብሎ ካልፈረደ ማን ይፈርዳል?

የደብሩ ቄስ አራጌ የቀብር መዝገብ የለም አሉ። በጦርነቱ ሰሞን ከዕቃ ቤቱ ጠፍቷል። የክርስትና ስሙን አምጣልኝ፣ እኔ ሙታንን የማውቃቸው በሱ ነው አሉኝ። ምናልባት የድሮ ካህናት ሲያነሱት ሰምተው እንደሆነ...

እማዬን ጠየቅኳት። እሳቱን መቆስቆስ ያዘች። ደግሜ ጠየቅኳት።

ረሳሁት አለች።

እናት የልጇን የክርስትና ስም ትረሳለች? የኔን እኮ ተኝታም ትጠራዋለች።

ኅዳር 12

ዛሬም ሄድኩ። ምንም የለም። ከበለስ በለስ ስዞር ሱሪዬ ተቀደደ።

ኅዳር 17

ለእማዬ ምሥራች ልነግራት መጣሁ። በግ ተነጋግሬያለሁ፣ ጠላ የሚጠምቁ ሴቶችም አግኝቻለሁ፣ የወንድሜን ተዝካር ላወጣ ነው አልኳት።

ተቆጣች። ማን ተዝካር አውጣ አለህ አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፣ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። አሁን ያሳፍረኛል።

ግራ ገብቶኛል። ፈልግልኝ ትላለች፣ ስሙን አትነግረኝም። አርባው ሳይሞላ ብላ ታዝናለች፣ አርባውን ላውጣ ስል ታለቅሳለች። ልቧ ነው የታመመው ወይስ ሐሳቧም? ወይስ ያልገባኝ እኔ ነኝ?

ኅዳር 19

እትዬ ሀሊሜን ልጃቸው ጋ ዋጃ አደረስኳቸው። ከእማዬ ጋር ባንድ ሰፈር ያረጁ ናቸው። መንገድ ላይ ምሬቴን ዘረገፍኩት። ተዝካሩንም፣ ቁጣዋንም።

"የትኛውን አርባ ነው የምትለው ልጄ?" አሉ።

አርባው ነዋ፣ የሙት አርባ።

"አይደለም። የክርስትናው አርባ ነው። ወንድ ባርባ ቀኑ አይደል የምታነሱት? እሱ አልደረሰም። ወላሂ በዚህ እጄ ነው የያዝኩት፤ እፍኝ አይሞላም ነበር።"

ባጃጁን ዳር ይዤ አቆምኩ። የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን።

ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ፍትሐት የለም፣ ግቢ ውስጥም አይቀበርም። አባቴ ከቅጥሩ ስር ቆፈረ አሉኝ... ከውጭ በኩል። ጅብ እንዳያወጣው በለሱን የተከሉት እማዬና እትዬ ሀሊሜ ናቸው። ስም አልረሳችም። የሚረሳ ስም አልነበረም።

እኔ ደግሞ በግ ልግዛለት እላለሁ! እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ።

እትዬ ሀሊሜ ሲወርዱ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። አብሽር፣ አላህ ያውቀዋል አሉኝ።

ኅዳር 20

አገኘሁት። ከቅጥሩ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል። በለሱ ተንሰራፍቶ ጫካ አክሏል። ስሩ ሦስት ድንጋይ።

ይኼን በለስ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከዚህ ለቅሜ በልቼ እማዬ ገርፋኛለች። ከሌላው ስበላ ምንም አትለኝም ነበር። ያኔ ስስት መስሎኝ ለስንት ጊዜ አኮረፍኳት።

አሁንስ ምን ልበላት? እሱ ከውስጥ አይፈቀድለትም፣ እሷን ደግሞ ከውጭ የሚቀብራት ቄስ የለም። ይኼን ሳታውቅ ቀርታ ነው ከጎኑ ቅበሩኝ ያለችኝ? ወይስ እያወቀች?

ኅዳር 26

አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ሽሮ በላን።

ታኅሣሥ 8

ግንበኞቹ ገመድ ወጥረዋል። ሰው አድርሼ ስመለስ ቆም ብዬ አየሁ። ወርጄ ደግሜ አየሁ። ገመዱ ከበለሱ ወዲያ ማዶ ነው፣ ቦይ ለቦይ የሚሄደው።

አዲሱ ቅጥር እስከየት ነው? ብዬ ግንበኛውን ጠየቅኩት። እስከ ቦዩ አለኝ። የድሮውስ? ይፈርሳል።

ታዲያ... ገባ ማለት ነው? እንዲህ ይገባል? ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ፣ አላወቅኩም። ባጃጁ ውስጥ ተመልሼ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ተሳፋሪ መጥቶ ትሄዳለህ ወይ አለኝ፤ አልሄድም አልኩት።

ጥር 16

እማዬን በባጃጅ ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን ስታስተካክል ነበር።

የድሮው ቅጥር ፈርሶ ድንጋዩ ተነስቷል። አዲሱ እስከ ደረት ደርሷል። በለሱን እንዳይቆርጡት ለምኜ ስለነበር ብቻውን መሐል ግቢ ቆሟል። እማዬ የድሮውን ቅጥር መስመር በምርኩዟ እየነካች ፈለገችው። አላገኘችውም። ቄስ አራጌ መጡ፣ መስቀል አሳለሟት።

"አባ" አለች፣ "ልጄ ነው የገባው ወይስ ቅጥሩ ነው የወጣው?"

ቄስ አራጌ በለሱን አዩ፣ አዲሱን ግንብ አዩ። ያውቃሉ ብዬ ነበር።

"እሱን እኔም አላውቅ እመት ተናኜ። እግዚአብሔር ይወቀው" አሉ። ወደ ድንጋዮቹ ጎንበስ ብለው ደግሞ፣ "ስሙ ማን ነበር?"

የክርስትና ስሙ አላሉም። ስሙ ነው ያሉት።

እማዬ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ ዞረች።

"ኑርልኝ" አለች። "ለአባቱም አልነገርኩት። ለብቻችን ስንሆን ነበር የምጠራው።"

ከድንጋዮቹ ጎን መሬቱን በምርኩዟ መታ መታ አደረገች። እዚህ ጋ አለችኝ። እሺ አልኳት። ቄስ አራጌም ሰምተዋል፤ አይሆንም አላሉም።

ስሜን እስከ ዛሬ በግማሹ ነው የማውቀው ለካ። የኑርልኝ ፈንታ።