አምቡላንሱ ባዶ ነበር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ራስ ምታትስ ተሻለሽ? አባዬስ፣ አሁንም ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚውለው? እህቴ ከነልጇ ደህና ናት? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አልሳልኩም፣ አላተኮሰኝም፣ በደንብ እበላለሁ። እነዚህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ሌላውን ሳታነቢ ማልቀስ እንዳትጀምሪ ነው።

ስልክ መደወል ትቼ ወረቀት መያዜ ሳይገርምሽ አይቀርም። ባለፈው እሑድ ነገሬን ገና ስጀምር፣ አንተ ብቻ ከቤት አትውጣ ብለሽ ስልኩን ለእህቴ ሰጥተሽ ሄድሽ። ደብዳቤን ግን ለማንም አቀብለሽ አትሄጂም፤ ከእኔ ከመጣ ሦስት ጊዜ እንደምታነቢው አውቃለሁ። እህቴ መጀመሪያ ስለ ልብስ ሰፊው አጫወተችኝ። ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት በሜትሩ ሁለት ሜትር ለክቶ በጠመኔ ያሰምራል ስትለኝ በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የግፊት ኪኒንሽ ካለቀ አሥራ አንድ ቀን እንደሆነው ነገረችኝ። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስትልሽ በቴሌቪዥን ያየሽውን እያነሳሽ፣ እዚያ የገባ አይወጣም ትያታለሽ አሉ። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

እማዬ፣ አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ የሚሠራበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው እያልሽ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተሽ የምታሳዪው ያ ዜና፣ አምቡላንሱ እየጮኸ በሆስፒታሉ በር ሲገባ የሚታይበት፣ የእኔ የእጅ ሥራ ነው። አንቺ ካሜራ የምይዝ ይመስልሻል። እኔ ግን መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ምስል ስቆርጥና ስቀጥል ነው የምውለው። ይህ ወረርሽኝ አገራችን የገባ ሰሞን አለቃዬ መጥታ የሚያስደነግጥ ነገር ፈልግ አለችኝ። ከድሮ ምስሎች መሃል ያን አምቡላንስ አገኘሁት። የዛሬ ሦስት ዓመት የተቀረጸ ነው። ውስጡ በሽተኛ አልነበረም፤ ሹፌሩ ከጋራዥ አስጠግኖ እየመለሰው ነበር። አይጮህም ነበር። ጩኸቱን ከሌላ ቦታ አምጥቼ የለጠፍኩበት እኔ ነኝ። አለቃዬ ጎበዝ አለችኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ስድስት ጊዜ ይታያል፣ ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው።

ካላመንሽኝ ልብ ብለሽ እይው። ከአምቡላንሱ ኋላ ቀይ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ የዝናብ ውሃ ዘሎ ይሻገራል። እዚህ እኮ አራት ወር ሙሉ ጠብ ያለ ዝናብ የለም! በሸሚዜ ላይ አንድ ቁልፍ ቢላላ ከበር ላይ የምታዪ ሴት፣ ይሄ እንዴት አመለጠሽ? ፈርተሽ ነዋ። እኔም የፈለግሁት ሰው እንዲፈራ ነበር፤ አንቺን ግን አላሰብኩም። የሌላ ሰው እናት ትፈራለች ብዬ ይሆናል። አፍሬያለሁ እማዬ፣ ይቅር በይኝ።

በሽታው የለም እያልኩሽ አይደለም። አለ። የካሜራ ባለሙያችን ሁለት ሳምንት ተኝቶ ተነስቷል፤ በራችን ላይ የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ ግን አልተነሱም፣ ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። ስለዚህ እጅሽን ታጠቢ፣ አፍሽን ሸፍኚ፣ የሚያስለውን ሰው ራቅ በይ። ግን ያንቺ ግፊት ደግሞ በዜና አይነገርም፤ እሱ ሲመጣ ምንም አይጮህም። እህቴ ጤና ጣቢያው ሄዳ ጠይቃልኛለች። የሚያስላቸውን በፊት በር፣ ኪኒን የሚወስዱትን በጓሮ በር ነው የሚያስገቡት። ግፊትሽን ስትለካ የምትቀልድብሽ ነርስ፣ ምነው እናታችን ጠፉብን ብላለች።

ዛሬ ጠዋት አለቃዬን ምስሉን ላውጣው ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። እናቴ እሱን እያየች ኪኒኗን አቋረጠች ስላት፣ ጩኸቱን ለአንድ ሳምንት አውጣው፣ ተመልካች ከቀነሰ ግን ይመለሳል አለችኝ። ከዚህ በላይ አልሆነልኝም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሬዲዮኑንም ትንሽ ቀነስ ያድርገው። እህቴን ነገር አወጣሽ ብለሽ እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ የወተወትኳት። የልጇን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊውን ከመስመሩ ወዲህ ሆነሽ ሰላም በይልኝ።

ይህ ደብዳቤ ሰኞ ይደርስሻል። ማክሰኞ የምሳ ሰዓቱን ዜና ክፈቺ። አምቡላንሱ ሲገባ ምንም አትሰሚም። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ብለሽ አባዬን እንዳትጠሪ፤ ጩኸቱን ያወጣሁት ለአንቺ ነው። ሰውዬው ከነጃንጥላው ሲዘል እይውና፣ አጥፍተሽ፣ ጫማሽን አድርገሽ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ጓሮ በር ሂጂልኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ
መስኮት ከሌላት ክፍሌ፣ ዓርብ መጋቢት 9 ቀን