«ቢያንስ» የምትለው ቃል

ውድ ጋሼ፣

ሬዲዮ ከጆሮዎ እንደማይለይ ስለማውቅ ዜናውን ሳይሰሙት አይቀሩም፤ የምሥራቁ ጎረቤታችን ጠባቂዎቹን ከድልድያችን ላይ ሊያነሣ ፈርሟል። ሐሙስ ጠዋት ይወጣሉ። ሬዲዮው ያልተናገረውን ግን ከእኔ ከራሴ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ የውል ክፍሉን ኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ። ልጆቹ «ነጠላ ሰረዝ» የሚለውን ቅጽል ስምዎንም አብረው አወረሱኝ። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ፣ «ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብለው ሚኒስትር በር ላይ ያስቆሙ ሰው ነበሩ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። የምዕራቡ ጎረቤታችን በአገራችን አቋርጦ የሚያልፍ የባቡር መስመር ልሥራላችሁ ብሎ ሲመጣ፣ የምሥራቁ በሁለት ቢላ የምንበላ መስሎት ደነገጠ። «አዲስ የወዳጅነት ውል እንፈራረም፤ እኔም ድልድዩን እለቅላችኋለሁ» አለ። መሥሪያ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። የፊርማው ዕለት ጠዋት፣ እነሱ አጽድተው የጻፉት የመጨረሻ ቅጂ ደረሰን። አዳራሹ ውስጥ ከሚኒስትሩ ጀርባ ቆሜ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ አንድ ጣቴን በእኛ ቋንቋ፣ ሌላውን በእነሱ ቋንቋ ላይ አድርጌ ወረድኩ። አንቀጽ አራት ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አገራችን ከሌላ አገር ጋር የባቡር ውል ስትዋዋል፣ በእኛው ቅጂ ለምሥራቁ ጎረቤት «ታሳውቃለች» ይላል። በእነሱ ቅጂ «ታስፈቅዳለች» ይላል።

ሚኒስትሩ ብዕራቸውን ከፍተው፣ «ምን ሆነሽ ነው? ገጹን ግለጪው እንጂ» ብለው አንሾካሾኩ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ አይፈርሙ።»

«ካሜራ ፊት ነን እኮ!»

«ከፈረሙ በኋላማ ካሜራውም አያድነንም።»

ቃሉን አሳየኋቸው። ብዕሩን ቀስ ብለው ከደኑት። የምሥራቁ አምባሳደር ነገሩን ሲረዱ ሣቅ አሉና፣ «እመቤቴ፣ በወንድማማቾች መካከል አንድ ቃል ምን ልዩነት ያመጣል?» አሉኝ።

«ልዩነት ካላመጣማ፣ ክቡርነትዎ፣ የእኛን ቃል እንጻፈዋ» አልኳቸው።

የዚያን ቀን ማንም አልፈረመም።

በማግሥቱ ድልድዩን ለጭነት መኪና ዘጉት። ስድስት ቀን ሙሉ። ቲማቲም መኪና ላይ በሰበሰ፤ ወተት ተደፋ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የሾፌር ሚስት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ቃል መራጯ አንቺ ነሽ? ልጆቼን ቃል ላብላቸው?» አለችኝ።

«እህቴ፣ እንዲሁ ከፈረምን እኮ ከዛሬ ወዲያ መንገዱን የሚዘጉብሽ እነሱ ናቸው» አልኳት።

«አሁንስ ማነው የዘጋው?»

እውነቷን ነው። ቆሜ የምትለውን ሁሉ ሰማኋት፤ ሲደክማት ሄደች።

በአራተኛው ቀን የምዕራቡ መልእክተኛ ማር በተቀባ አንደበት መጡ። ባቡሩን ነገውኑ እንጀምር አሉ፤ መስመሩን ግን የራሳቸው ወታደሮች ሊጠብቁት ነው። ሚኒስትራችን ጨንቋቸው ነበር። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለም እንዴ?» አሉኝ።

«እሱ የራሳችንን ባላ ስንተክል ነው፣ ክቡር ሚኒስትር። ይሄንን የሚተክሉት እነሱ ናቸው፤ ሲፈልጉም ይነቅሉታል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚሆንብን።»

ባቡሩን እሺ፣ ወታደሩን እምቢ አልናቸው። መልእክተኛው ፊታቸው ቢጠቁርም ሻንጣቸውን አላነሡም። እኛ ጋ መሰንበታቸውን ምሥራቆቹ ሰሙ። በስድስተኛው ቀን አምባሳደሩ «ታሳውቃለች» የሚል ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ጠባቂዎቹ ከድልድዩ የሚወጡበትን ቀንና ሰዓት በሁለቱም ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት።

ኮሪደሩ ላይ አጨበጨቡልኝ። ሚኒስትሩ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ያኔም እንዳንቺ ያለ ሰው ቢኖረን ኖሮ ድልድዩ ከእጃችን አይወጣም ነበር» አሉ።

ጋሼ፣ ያኔም የነበርኩት እኔው ነኝ።

እርስዎ እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ በአፌ ግን ነግሬዎት አላውቅም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የድልድዩን ውል ሁለት ቅጂዎች እንዳመሳክር ሰጡኝ። የእህቴ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበርና ልቤ ቤት ነበር። አንቀጽ ሰባትን ሳላነብ «ተመሳክሯል» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ቅጂ ጠባቂዎቹ የሚቆዩት «ሁለት ዓመት» ነው። በእነሱ «ቢያንስ ሁለት ዓመት»። ጊዜው ሲሞላ የጠባቂዎቹ አዛዥ ጣቱን «ቢያንስ» ላይ አሳርፎ ፈገግ አለ አሉ።

አጣሪ ኮሚቴው ፊት እርስዎ፣ «ያመሳከርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ወረቀት ከማቀበል በቀር የምታውቀው የለም» አሉ። እኔ ፋይሉን ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ አፌን ቆልፌ ተቀምጬ ነበር። ደረጃው ላይ ሮጬ ስደርስብዎት፣ «ማንበብ ተማሪ፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው» ብለውኝ ወረዱ። በሳምንቱ ጠረጴዛዎ ባዶ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ለሥራ ወደ ድልድዩ መጥቼ አየሁዎት። መግረዣ መቀስዎን በብብትዎ ይዘው ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ከድልድዩ ማዶ ወዳለው የራስዎ አትክልት ለመሻገር፣ የልጅ ልጅዎ ለሚሆን የሰው አገር ጠባቂ መታወቂያ ያሳያሉ። መኪናው ውስጥ ጎንበስ አልኩ። ሾፌሩ፣ «ምን ጠፋሽ?» ሲለኝ፣ «ጉትቻዬ» አልኩት። እስክናልፍዎ ድረስ ቀና አላልኩም።

ስለዚህ ጭብጨባው እንዳለቀ ሚኒስትሩን ተከትዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ነገሩን ፍርጥ አድርጌ ነገርኳቸው። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«ድፍረት።»

«ታዲያ አሁን ከየት መጣ?»

«ስድስት ቀን ሙሉ እነዚያን ትልልቆች እምቢ ስንል ከርመን፣ እርስዎን መፍራት አሳፈረኝ።»

የነገርኳቸውን በጽሑፍ ሰጠኋቸው። ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ራሳቸው አነበቡት፤ ስምዎ ከዚያ ጥፋት ተሰርዟል። የውሳኔው ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብብልዎ። እኔም ከኃላፊነቴ ተነሥቼ ወደ ተርጓሚነቴ ተመልሻለሁ። አልከፋኝም። ወንበሩን የያዘችው እኔው ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ናት። ነገ ከሰዓት የባቡሩ ውል ረቂቅ ይደርሰናል፤ እሷ አንዱን ቅጂ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እንቀመጣለን። ትልልቆቹ ከሁለቱም ወገን ይመጣሉ፤ ይምጡ። ትንሽ ነን እንጂ ማንበብ አያቅተንም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ደብዳቤውን ያስቀደምኩት በድንገት በርዎ ላይ ቆሜ «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ እንዳላጣድፍዎ ነው። ይቆጡኝ፣ ዝም ይበሉኝ፣ ወይም አልከፍትም ይበሉ፤ እስከዚያ ያስቡበት። እኔ ግን አንኳኳለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ጎንበስ አልልም።

አክባሪዎ፣
ያች ወረቀት አቀባይ ልጅ