ኮክፒቱን አላፈርሰውም

ውድ ካፒቴን ፀጋው፣

በጎንደር ሚኒባስ ሹፌር እጅ የላኩልኝ ፖስታ ማክሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ዳባት ላይ ዝናብ ይዞት ስለነበር ጠርዙ ትንሽ ርሷል፤ ከጽሑፍዎ ግን አንድም ቃል አልጠፋም። እንዲህ ይላል፦ «ሰሀር፣ ማህደር ለበረራ ፈተና የተዘጋጀችው አንቺ ጓዳ ውስጥ እንደሆነ ገና አሁን ሰማሁ። ያ ነገር መጫወቻ ነው። አንቺንም ከሕመምሽ አያላቅቅሽም፣ ለሌላውም መጥፎ ልማድ ያስተምራል። አፍርሺውና ከአባትሽ ጋር ንግድሽን ያዢ። ሌላ አብራሪ አስገብተሽ ብሰማ ጉዳዩን ለድርጅቱ አቀርባለሁ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልደውልልዎት አሰብኩና ተውኩት። በስልክ ሲቆጡ እኔ ዝም እላለሁ፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንበር የለመድኩት ነው። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። የሠራሁትን የአብራሪ ክፍል፣ ኮክፒቱን፣ አላፈርሰውም። ምክንያቴን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርዎት፤ እርስዎ የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነውና።

ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውን ያውቁታል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ነበር። እኔ ክንፉ ሥር ቆሜ የበረራ መዝገቡን ስሞላ ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አስፋልቱ ላይ ተጋድሜ፣ ኮትዎን አጥፈው ከራሴ ሥር አድርገውልኝ፣ ስሜን ደጋግመው ሲጠሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ለድርጅቱ ሪፖርት ጻፉ። ሐኪሞቹ የሚጥል በሽታ ነው አሉ፤ የጤና ፈቃዴ ተሰረዘ። የሥራ ባልደረቦቻችን «እንዴት ጨከኑባት» ብለው አምተውዎታል። እኔ ግን አንድም ቀን አላማሁዎትም። ያደረጉት ትክክል ነበር።

ያልተቀበልኩት ስንሰናበት ቢሮዎ ውስጥ ያሉኝን ነው። «ካሁን በኋላ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብለሽ አትይ። የሚሻልሽ እንደሱ ነው» አሉኝ።

ስምንት ወር ሞከርኩ። ደባርቅ ተመልሼ አባቴ ሱቅ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ ሸጥኩ። አባቴን ሸሀቡን አያውቁትም፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ ገበያ የነገደ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ሚስማር ሊገዛ ቆሞ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ለካ እኔ ሚዛኑን እንደያዝኩ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

«ዱዓ ላይ ነሽ እንዴ ልጄ? ልጠብቅ?» አለኝ።

ከማረፍ በፊት የሚነበበውን የፍተሻ ዝርዝር እየደገምኩ ነበር። ፍላፕ፣ ጎማ፣ መብራት። አባቴ ከጀርባ ሆኖ ሰምቶታል። ማታ ለእናቴ «ይቺ ልጅ እዚህ የለችም» ሲላት ሰማሁት። እውነቱን ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት በረራን በስክሪን የሚያስመስል ኮምፒውተርና መሪ የሚልክልኝ ሰው አዲስ አበባ ፈለግኩ።

ፔዳሉን የሠራልኝ ደርቤ ነው፤ የባጃጅ ጋራዥ ያለው በያጅ። ከከተማ የሚላከው ፔዳል እንደ ጫማ ክር የላላ ነው፤ እግር የሚያውቀውን ክብደት አይሰጥም። ንድፉን በካርቶን ላይ ሥዬ ወሰድኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአውሮፕላን ፔዳል።»

«አውሮፕላኑስ?»

«የለም።»

ጥቂት አሰበና «እሺ፣ ምን ያህል ይጠንክር?» አለ። ከጤና ፈቃዴ መሰረዝ በኋላ ስለ ሙያዬ በቁም ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ተጭኜ ብይዘው በደቂቃ ውስጥ ጭኔ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይጠንክር አልኩት። ከአሮጌ ባጃጆች ስፕሪንግ እየፈታ አራት ጊዜ ቀያየረው። አምስተኛው ልክ ሆነ።

ቆርቆሮ የምናከማችበትን መጋዘን ግማሹን ለቀቅን። ሁለት ወንበር፣ ሦስት ስክሪን፣ ከጣውላ የተሠራ ዳሽቦርድ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ። ከተማው ማውራቱ አልቀረም፤ የሸሀቡ ልጅ ሕመሙ አእምሮዋን ነካው ተባለ። አባቴ ደንበኛ እንዳያይ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለ። እንዳስከፋኝ ያውቅ ነበር፤ እኔም እንደሚያፍር አውቅ ነበር፤ ሳንነጋገር ሁለት ወር ቆየን።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ መልስ ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ። «እስቲ አሳዪኝ» አለ።

አውሮፕላኑን ከጎንደር አስነሳሁት። ዋናውን መንገድ ተከትለን አምባ ጊዮርጊስን አለፍን፣ ዳባትን አለፍን። ደባርቅ ስንደርስ የራሳችንን ሠፈር ፈልጎ አጣው። ከዚያ ሊማሊሞ ላይ መሬቱ ከሥራችን ሲከፈት ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ቀስ በይ።»

«ቀስ ብያለሁ፣ አባ።»

ጠመዝማዛውን መንገድ በጣቱ እየተከተለ «እዚህ ጋ ነው» አለ። «አይሱዙው ተበላሽቶብን ሁለት ቀን ያደርንበት። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ወደ ታች ማየት ፈርቼ ፊቴን ወደ ተራራው አዙሬ ነው የተኛሁት።» ጣቱን ከመንገዱ አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ይሄን በየቀኑ ታዪው ነበር?»

«በየቀኑ።»

ሲወጣ መጋረጃውን ነቅሎ ይዞት ሄደ።

ሕመሜንም አልዘነጋሁም። መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ። ሐኪሜን ጠይቄያለሁ፤ የኔ ሕመም ስክሪን የሚቀሰቅሰው ዓይነት አይደለም፣ ሳታርፊ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀመጪ ብሎኛል። እቀበላለሁ። እውነተኛ አውሮፕላን ዳግመኛ እንደማልነዳም ተቀብያለሁ። እርስዎ ያልተቀበልኩ ይመስልዎታል።

አሁን ወደ ማህደር ልምጣ። ሁለት ጊዜ በፈተና የጣሏት እርስዎ ነዎት። ሦስተኛ ብትወድቅ ሥራዋ ያበቃ ነበር። ችግሯን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ሲነሱ የግራ ሞተር ሲጠፋ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል፣ አብራሪዋ የቀኙን ፔዳል መርገጥ አለባት፣ ማህደር ግን ስትደነግጥ የግራውን ትረግጣለች። የዓመት ዕረፍቷን ወስዳ «ስሜን ተራሮችን ልጎበኝ ነው» ብላ ዋሽታ እኛ ቤት መጣች። ሁዳዴ ነበር፤ እናቴ ዘይቱና አሥር ቀን ሙሉ የጾም ወጥ ስትሠራላት ከረመች።

በመጀመሪያው ቀን የማይሆነውን ነገርኳት። ይህ ወንበር አይናጥም፣ ሆድ አይገለብጥም፣ ጎማ መሬት ሲነካ የሚሰማውን አያስተምርም። እጅና እግር ቅደም ተከተላቸውን እንዲያውቁ ግን ይበቃል። ከዚያ ሞተር አጠፋሁባት። አዘዞ ሜዳ ላይ ተከሰከሰች። ደግሜ አጠፋሁ፣ ደግማ ተከሰከሰች። አሥራ አንድ ጊዜ። ከአሥራ አንደኛው በኋላ ዘወር ብላ ከኋላዋ አየች።

«ምን ፈለግሽ?» አልኳት።

«የሚጽፍ ሰው ያለ መስሎኝ» አለች።

ካፒቴን፣ እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለማውቅ ገባኝ። በድርጅቱ የበረራ ማስመሰያ፣ በሲሙሌተሩ፣ የሚሰጠን ሰዓት የተቆጠረ ነው፤ ከጀርባችንም ብዕር የያዘ ሰው አለ። እግራችን ከመንቀሳቀሱ በፊት የብዕሩን ድምፅ እንሰማለን። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እርስዎ ነበሩ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ መጻፍ ሥራዎ ነው። ግን አንድ ሰው ማንም ሳይጽፍበት ሃምሳ ጊዜ የሚሳሳትበት ቦታ ያስፈልገዋል።

በአራተኛው ቀን ስለ እህቷ ሠርግ እያወራችኝ ሳለ ድንገት የግራውን አጠፋሁ። ወሬዋን ሳታቋርጥ ቀኝ እግሯ ሄደ። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ወጣ። እሷ ራሷ ያስተዋለችው ቆይታ ነው። ወሬዋን አቁማ እግሯን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ አለቀሰች።

በመጨረሻው ቀን ልምምዱን ጨርሰን ልዘጋ ስነሣ «አሁን ዝም ብዬ ልብረር?» አለችኝ። እርስዎ «እውነተኛ አብራሪ ከሥራ ሲወጣ አውሮፕላን ማየት አያምረውም» ይሉ ነበር። ይቺ ልጅ በወር ሰባ ሰዓት ትበራለች። ስሜን ተራሮች ላይ በሳንቃ በር በኩል ገደሉን ተጠግታ፣ ደመናው ሥር እየገባች እየወጣች፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ተሳፋሪ የለ፣ የሚረፍድ ሰዓት የለ። ስትጨርስ «ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ለራሴ በርሬ አላውቅም ነበር» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈተነች። የፈተኗት እርስዎ፣ የግራውን ሞተር ያጠፉባት እርስዎ፣ «አልፋለች» ብለው የፈረሙት እርስዎ። ያኔ እግሯ መጥፎ ልማድ የተማረ አልመሰለዎትም። መጥፎ የሆነው የት እንደተማረችው ሲሰሙ ነው።

አሁን ለእርስዎ ተናግሬ የማላውቀውን ልናገር። ጎንደር ላይ የወደቅሁት የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ አዲስ አበባ የተከራየሁት ቤት ወለል ላይ ነቅቻለሁ፤ ምላሴ ተነክሶ፣ የትራሴ ጨርቅ በእጄ ተጨምድዶ። ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ሦስት ወር ተሳፋሪ ይዤ፣ ከጎንዎ ተቀምጬ በረርኩ። ሊማሊሞ ላይ፣ ከሰዎች ጋር። ይቅርታ ልጠይቅዎት የሚገባኝ ለዚህ ነው፣ እጠይቅዎታለሁም። ቢጠሉኝ ይገባኛል።

ለምን እንደደበቅሁ ግን ይስሙኝ። ከመብረር ማዶ ምንም ስላልታየኝ ነው። እርስዎ ለእኛ ለወጣቶቹ የነገሩን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ወይ አብራሪ ነህ ወይ ምንም አይደለህም። እኔ ምንም መሆንን ፈርቼ በየበረራው ሃያ ሰው አደጋ ላይ ጣልኩ። ያኔ ፈቃዷን ያጣች አንዲት አብራሪ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስታስተምር አይቼ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ። መማል አልችልም። ግን አምናለሁ። ታማ የደበቀች፣ ዓይኑ ደክሞ የዋሸ ሌላ ሰው ዛሬም እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ። ያ ሰው ይህን ክፍል እንዲያየው እፈልጋለሁ። ለማህደርም ይህንኑ ነገርኳት፤ የእርስዎን ፖስታ ሰምታ መጥታ ሳለ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆመን፣ ከእርስዎ በፊት። ከዚያ «የት እንደተለማመድኩ ለመናገር ነገ ድርጅቱ ድረስ እኔው እሄዳለሁ» አለች።

ስለዚህ ማስፈራሪያዎ አርፍዷል። ሁለታችንም በየስማችን ለድርጅቱ ጽፈናል። እሷ የት እንደተለማመደች፣ እኔ ደግሞ ምን እንደማስተምርና ምን እንደማላስተምር፣ ያንን የሦስት ወር ነገርም ጨምሬ። ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። ምን እንደሚወስኑ አናውቅም። ምናልባት ማህደርን ይቀጧት ይሆናል፤ እሷ ተዘጋጅታለች። እኔን ሊቀጡኝ የሚችሉበት ነገር የቀራቸው አይመስለኝም። እስከዚያው ሁለት አብራሪዎች ከባሕር ዳር ሊመጡ ጠይቀውኛል። ኑ ብያቸዋለሁ። እነሱ ማን እንደሆኑ ቢጠይቁኝም አልነግርዎትም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሚያዝያ ላይ ስልሳ አምስት ዓመት ይሞላዎታል። ምንም ሳያጠፉ፣ ሳይታመሙ፣ በልደትዎ ቀን ፈቃድዎ ያበቃል። በዚያን ሰሞን መኝታዎ ላይ ሆነው እግርዎ ፔዳል ሲፈልግ ያገኙታል። አላሾፍኩም፤ የኔም እንደዚያ ነው። ያኔ ወደ ደባርቅ ይምጡ። ከመናኸሪያው ወርደው የሸሀቡን ቆርቆሮ ቤት ማንንም ቢጠይቁ ያሳይዎታል። እናቴ ታስተናግድዎታለች፣ አባቴም ስለ አይሱዙው ይነግርዎታል። የፈለጉትን ያህል እንበራለን።

አዛዥ በግራ፣ ረዳት በቀኝ እንደሚቀመጥ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። እዚህ ቤት ግራው ወንበር የኔ ነው። እርስዎ በቀኝ ይቀመጣሉ።

ሰላምዎን እመኛለሁ፣

ሰሀር ሸሀቡ
ደባርቅ፣ ቆርቆሮ መጋዘኑ ውስጥ