አሥረኛው ክንድ ስለጎደለው ብልቃጥ

ለተከበሩ የዘንድሮው የጉንፋን ክትባት ዘመቻ አስተባባሪ
ቆቦ

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ሳሉም፣ ትኩሳቱም፣ የደረት ውጋቱም ከእርስዎና ከቤተሰብዎ እንዲርቅ ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህንንም በዘንድሮው ዓመት በተለይ ለምን አጥብቄ እንደምመኝልዎ ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። ወለላ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የሌላ ሰው ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥና ፋይል ውስጥ ስከት ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የራሴን አቤቱታ ጽፌ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ለእርስዎ በመሆኑ ክብሩ የእኔ ነው።

በግልጽ የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ግን ስብሰባ ስለማይገባ ደብዳቤዬን እዚያ ብለጥፈው ሲያልፉ ያዩት ይሆናል ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማስቀመጤን የድሮ ሥራዬ ልማድ ነው ብለው ይለፉልኝ።

1ኛ. በጥቅምት መጀመሪያ በባጃጅ ላይ ባስጫኑት ድምፅ ማጉያ፣ ከገበያው እስከ መናኸሪያው ድረስ ስላሰሙን የራስዎ ድምፅ አመሰግናለሁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ አስም፣ ስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያዎች ጊዜ ሳያጠፉ የጉንፋን ክትባት እንዲወስዱ አሳሰቡን፤ ሲያበቁም የሚያመነታ ሰው ኋላ ቀር ነው አሉን። እንዳለው የሚባለው ባለቤቴ ይህን የሰማው ጸጉሩን ሊስተካከል ወንበር ላይ በተቀመጠበት ነበር። ቤት እንደገባ በከተማው መካከል በባጃጅ እንደተሰደበ ነገረኝ።

እንዳለው ያመነታው ኋላ ቀር ስለሆነ አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ወፍጮ ቤት ቆሞ የአገሩን እህል ሲፈጭ ዱቄቱ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያፏጫል። ግን የቆላ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ጉንፋን ማለት ደገኛ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያስነጥሰው ነገር ነው። አምና ጥር ላይ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ እሱም እኔም አልተጠራጠርንም። ሳይመረመር፣ ከጎረቤት የተረፈ የወባ ኪኒን ለምኖ አምስት ቀን ዋጠ። በስድስተኛው ቀን ከንፈሩ ጠቆረ። ወልድያ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ተኛ፤ ሐኪሙም ነገሩ ከጉንፋን የመጣ የሳንባ ምች መሆኑን ነግሮን ከእንግዲህ በየዓመቱ እንዲከተብ አዘዘው። ያን አሥራ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ፣ የሚቀጥለው ትንፋሽ ይመጣ ይሆን እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ሁለተኛ እንዲህ ቢሆን የሚተርፍልኝ አይመስለኝም። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለማንበብ ጊዜ ካለዎት ይቺን ያንብቡልኝ።

ያም ሆኖ የሐኪሙን ትእዛዝ ለመቀበል ዘጠኝ ወር ፈጀበት። በየዓመቱ የሚወጉት ነገር የአምናው አልሠራም ማለት ነው እያለ ይሟገተኝ ነበር። ጉንፋኑ በየዓመቱ መልኩን እንደሚቀያይር ብነግረው አልዋጥ አለው፤ በመጨረሻ አምና ስላረምነው ዘንድሮ ማሽላው ሳይታረም ይቀራል ወይ ብዬ ብጠይቀው ተነሥቶ ማሽላውን ሊያይ ወጣ። ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሠርግ ሲጠራ የሚለብሳትን እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ‹‹በይ ተነሽ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር እንሂድ›› አለኝ። ነጠላዬን እንኳ በደንብ ሳልለብስ ባጃጅ ጠርቼ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን።

2ኛ. በዚያን ዕለት ስላስተማሩን ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አንዱ ብልቃጥ አሥር ሰው እንደሚከትብ፣ አሥር ሰው ካልሞላ ደግሞ በእርስዎ መመሪያ መሠረት እንደማይከፈት የተነገረን በስድስት ሰዓት ነው፤ የመጣነው ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ሰው ሲሞላ የሚነሣ የሮቢት ሚኒባስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሚኒባሱ ግን ረዳት አለው፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የጎደለውን ሰው ይጣራል። የእርስዎ ብልቃጥ ረዳት የለውም። አንዲት ነርስ፣ ብልቃጡ ከተከፈተም በኋላ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት እንደሚቆይ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አሳየችኝ፤ እንጀራዋን እንዳላሳጣት ስሟን አልጠቅስም። መመሪያው ከሳጥኑ ይበልጣል ተባልንና አሥር ሆናችሁ ተመለሱ ተብለን ተሰናበትን።

3ኛ. ሰው የመሙላቱን ሥራ ለእኔ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ፤ ጡረተኛን ያለ ሥራ አለማስቀመጥ ትልቅ ርኅራኄ ነው። እንደሚያውቁት፣ ካላወቁም የዚህን አገር ሰው ጠይቀው እንደሚረዱት፣ እኛ ዘንድ ብቻውን የማይወጣው ሥራ የገጠመው ሰው ወንፈል ይጠይቃል። ዛሬ አንቺ ለእኔ አንድ ቀን ትሠሪያለሽ፣ በሌላ ቀን እኔ ላንቺ እመልሳለሁ። እኔም ማሽላው ለአጨዳ በደረሰበት፣ ሰው ሁሉ ጉልበት በሚፈልግበት ሰሞን በየቤቱ ዞሬ ከእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ክንድ ለመንኩ።

እትዬ ነሲባ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ አስም አለባቸው። ‹‹ልጄ፣ የኮሮናውንም ተወግቻለሁ፤ ክንዴ ለምዷል፣ ኢንሻአላህ እመጣለሁ›› ብለው ገና ሳልቀመጥ አስደሰቱኝ። ባለሱቁ በርሄ የልብ መድኃኒት ስለሚወስድ መቀሌ ያለችውን ልጁን በስልክ ሳያማክር እንደማይወስን ነግሮኝ ሁለት ቀን አስጠበቀኝ፤ እሷም ገሥጻው መጣ። ሰልዋ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አማቷ በእርግዝና መርፌ ምን ይባላል ብለው ተቆጡ፤ እሷ ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠይቃ፣ ተመልሳ አማቷን አስረድታ፣ ‹‹ለሁለት ሰው አንድ መርፌ ከሆነማ ምን እጠብቃለሁ›› አለችኝ። ስኳር ያለበት አራጌ ከጎብዬ፣ ሁለት እህትማማቾች ከሮቢት፣ እንዲሁም ሁለት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ ተጨመሩና ከእኔና ከእንዳለው ጋር አሥር ሞላን። አንዳቸውንም በድምፅ ማጉያ አልተጣራሁም። ተቀምጬ ጥያቄያቸውን ሰማሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ፣ እነሱም አስበው ወሰኑ።

4ኛ. ይህኛው ቁጥር ረዘም ያለ ምስጋና ይገባው ነበር፤ ግን የሰሌዳው ቦታ ጠባብ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። የቀጠርነው ሐሙስ ሲደርስ አራጌ አጎቱ አርፈው ለቀብር ጎብዬ ቀረ፤ በዚህ ምክንያት የቀረን ሰው የሚወቅስ እዚህ አገር አልተፈጠረም። ዘጠኛችን ክንዳችንን ገልጠን ጤና ጣቢያው ግቢ ተሰለፍን። ነርሷ ቆጠረችን። እርስዎም ከቢሮዎ ወጥተው ሁለት ጊዜ ቆጠሩንና አንድ ይጎድላል አሉ። ከጀርባዎ ባለው ግድግዳ ላይ በእርስዎ ፊርማ የተለጠፈው ማስታወቂያ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሰዎች መካከል የጤና ባለሙያዎችን ይዘረዝራል። እርስዎም ባለሙያ ነዎትና ዘንድሮ ተከትበው እንደሆነ በትሕትና ጠየቅሁዎ፤ እንዳልተከተቡ ነገሩኝ። እንግዲያው አሥረኛችን እርስዎ ይሁኑ አልኩዎ። እርስዎም በዘጠኝ ሰው ፊት፣ ሰዓትዎን እያዩ፣ ‹‹እኔ እንኳ ገና እያሰብኩበት ነው›› ብለው ወደ ስብሰባ ሄዱ።

ክቡር ሆይ፣ ማሰብዎን አልነቅፍም። እንዳለው ዘጠኝ ወር አስቧል፣ በርሄ ሁለት ቀን አስቧል፣ ሰልዋ ለሁለት ነፍስ አስባለች። በየዓመቱ ሰውነቱ ውስጥ ስለሚገባ ነገር የማያስብ ሰው ካለ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። እኔን የሚያበግነኝ እኛ ስናስብ ኋላ ቀርነት የሆነው ነገር እርስዎ ሲያስቡ ማሰብ መሆኑ ነው። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ለስለስ ያለ ቃል ብፈልግ አላገኘሁም፤ ተናድጃለሁ።

ብልቃጡ ወደ ማቀዝቀዣው፣ እኛም ወደየቤታችን ተመለስን። በወንፈል ደንብ ደግሞ የመጣ ሰው ቀኑን ሰጥቷል፤ ሥራው መሠራት አለመሠራቱ የጠሪው ጣጣ ነው። ስለዚህ ላልተወጋ መርፌ የሰባት ሰው ቀን አለብኝ። ማሽላ ያላቸውን ማሽላ እያጨድኩ፣ የሌላቸውን ቤት እየመረግሁ አራቱን መልሻለሁ፤ ሦስት ይቀረኛል። ወገቤ ሌላ ደብዳቤ ቢጽፍልዎ ደስ ባለው።

አራጌ ከቀብሩ እያሳለ ነው የተመለሰው። እንደ አገሩ ደንብ የወባ ኪኒን ፈልጎ ሊጀምር ሲል ደርሼ አስተውኩት፤ ተመርምሮ ወባ አልተገኘበትም፤ ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ ይታከማል። ሚስቱ ስትደውልልኝ ያ ሐሙስ ቢሳካለት ኖሮ ከመታመም ይድን ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነትም አላውቅም፤ መርፌውን የወሰደ ሁሉ እንደማይታመም ማንም ቃል አልገባልኝም። ለመሞከር እንኳ ዕድል አለማግኘቱን ግን አውቃለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ እንዳለው ነው። ያን ሐሙስ ቤት ስንደርስ ሸሚዟን አውልቆ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተና ‹‹የሚያውቀው ሰውዬ ካልተወጋ እኔ ምን ቤት ነኝ›› አለ። ዘጠኝ ወር ለምኜ ያገኘሁትን ውሳኔ እርስዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ወሰዱብኝ። ጥር እየመጣ ነው። እሱ ግቢ ውስጥ እንጨት ሲያነሣ ትንፋሹ ማፏጨት ሲጀምር እኔ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ፤ ደህና ነኝ ይለኛል፤ እኔ ግን ፈራሁ።

ስለሆነም በልዩ ልዩ ስብሰባዎች መካከል በሚያገኙት ጊዜ ማሰብዎን ወደ ፍጻሜ እንዲያደርሱልን፣ ውሳኔዎ አልከተብም የሚል ከሆነም ያንኑ በባጃጁ ድምፅ ማጉያ እንዲያሳውቁንና እኛም ቁርጣችንን እንድናውቅ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

የሐሳብዎን ጥልቀት እያደነቅሁ፣ ከሳል የጸዳ ክረምትና በጋ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ በቆጠሩን ጊዜ አንድም ሰው ሳይስቱ ሁለቴ ዘጠኝ ማለትዎን ለልጅ ልጆቼ እየተረክሁ እኖራለሁ።

ከማይለየው አክብሮት ጋር
ወለላ
ቆቦ

ግልባጭ፦
እንዳለውን ጨምሮ ለስምንቱ የክንድ ወንፈለኞች
ለአራጌ፣ ሲሻለው እንዲያነበው

ማሳሰቢያ፦ ነርሷ እንደነገረችኝ ብልቃጡ ቀኑ የሚያልፍበት በመጪው ዓርብ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንደገና ግቢዎ ውስጥ እንሰለፋለን። እንዳለውም በብዙ ልመና እመጣለሁ ብሏል፤ ክንዱን የሚገልጠው ግን አስተባባሪው ሲወጉ በዓይኑ ካየ ብቻ ነው። የሚያሳስብዎ የመርፌው ሕመም ከሆነ አይስጉ፤ የሰባ አራት ዓመቷ እትዬ ነሲባ እስኪያልቅ ድረስ እጅዎን ሊይዙልዎ ቃል ገብተዋል።