ቢራቸውን አስቀድመው ላልቀመሱት ለአቶ ሰርጸድንግል ክንፈ የወጣ የሀዘን መግለጫ

አሰብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.
ለማኅበራችን አባላት፣ ለአሰብ ነዋሪዎችና ነገሩን በወሬ ለሰሙ ሁሉ

የአሰብ የቤት ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር መሥራች፣ የቀድሞ የቅምሻ ኃላፊና በኋላም ከአባልነት ታግደው የነበሩት አቶ ሰርጸድንግል ክንፈ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 19 ቀን 1988 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ በሞታቸው የተሰማው ሀዘን ጥልቅ ነው። በሕይወት ሳሉ በእርሳቸው ላይ የተሰማው ቁጣም ጥልቅ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ይህ መግለጫ ከቀብሩ ከአንድ ወር በኋላ የወጣውም የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው በአንዲት ቃል መስማማት ስላቃተው ነው። አንዳንዶቹ “ታላቅ ሰው” ይባሉ አሉ፤ ሌሎቹ ይህ ከተባለ ስማችን ከመግለጫው ይውጣ አሉ። በመጨረሻ “ታላቅ” የሚለው ቀርቶ የሆነው እንደሆነው እንዲጻፍ ተወስኗል። ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ የሚጻፈው ሁሉ ምስጋና አይደለም።

አቶ ሰርጸድንግል በደሴ ከተማ ተወልደው ትምህርታቸውንም በዚያው ከተከታተሉ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ወደ አሰብ መጥተው በወደቡ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ክሬን ሲቆም የሚጠሩት እርሳቸው ነበሩ፤ በሥራቸው ነቀፋ የቀረበባቸው ጊዜ የለም። ማኅበሩም በዚህ ረገድ የሚለው የለውም። ጠባችን ከክሬኑ ጋር አይደለም።

በ1984 ዓ.ም. ከጥቂት መምህራን፣ የወደብ ሠራተኞችና የአዲስ አበባ መስመር ሾፌሮች ጋር በመሆን በካምፖ ሱዳን ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው ይህን ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው ቢራን በገዛ ቤት፣ በገዛ እጅ፣ ለፍቅሩ ብቻ መጥመቅና በየእሁዱ ከአንዱ አባል ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ የየቤቱን መቅመስ ነው። ማኅበራችን ጠላ ቤት አይደለም፤ ለገበያም አይጠምቅም። አሁንም ለሚጠራጠሩ ጎረቤቶች ይህንኑ ደግመን እናሳውቃለን።

በ1985 ዓ.ም. ማኅበሩን ከመፍረስ ያዳኑት እርሳቸው መሆናቸው አይካድም። በመጀመሪያው ዓመት ቢራችን ሁሉ በአሰብ ሙቀት ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። በአባላችን በሾፌር ትግሉ አልጋ ሥር የተቀመጡት ጠርሙሶችም ፈንድተው ሰፈሩ ተኩስ መስሎት ወጥቷል። አቶ ሰርጸድንግል ጋኑን እስከ አንገቱ በአሸዋ መቅበርን፣ አሸዋውን በባሕር ውኃ ማራስን፣ በላዩም እርጥብ ጆንያ መደረብን አስተማሩ። ብቅሉ ሻጋታ እንዳይይዘው ከደጋ የሚመጣውን ገብስ በቀጭኑ አስጥተው፣ የባሕሩ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አበቀሉት። አረፋው ሳይሞት ቆርኪ እንዳይገጠም የከለከሉትም እርሳቸው ናቸው። ሲያስተምሩ ግን በፍቅር አልነበረም። አንድ ጊዜ ከተናገሩ ሁለተኛ አይደግሙም፤ ያልሰማ ጠርሙሱ ይፈነዳበታል፣ እርሳቸውም ቆመው ያያሉ።

በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው “ጠማቂው አስቀድሞ ይጠጣል” የሚለውን ደንብ አጸደቀ። ይህ ደንብ ከሜዳ የተገኘ አይደለም። በሀገራችን አሳላፊ ራሱ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም፤ እንግዳ የሚተማመነው በዚህ ነው። እኛም ይህንኑ ልማድ ወስደን፣ ጠማቂው የመጀመሪያውን ብርጭቆ በሰው ፊት ካልጠጣ ማንም ከዚያ ቢራ እንዳይጠጣ ደነገግን። አቶ ሰርጸድንግል በጉባኤው ላይ ተገኝተው ነበር። አልተቃወሙም፤ አልደገፉምም። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም እንደሚባለው አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

በ1986 ዓ.ም. የቅምሻ ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። የአባላትን ቢራ ሲመረምሩ ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ብርጭቆውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አረፋውን ያዳምጡታል፤ ከዚያም አጠገባቸው ላለው ሰው አቀብለው ይፈርዳሉ። ፍርዳቸው ተሳስቶ አያውቅም፤ ይበልጥ ያናደደንም ይኸው ነው። ምላሳቸው ከጌሾ የመረረ ነበር። የመምህርት አይናለምን ቢራ የካሚዮን ጎማ ለማጠብ ይሆናል ብለዋል። የሊቀመንበራችንን የአቶ ጉግሳን ቢራ ደግሞ በልጃቸው ክርስትና ላይ፣ አማቾቻቸው በተቀመጡበት፣ አሽትተው “ውኃው ምን በድሎ ነው?” ሲሉ ጠይቀዋል። በአሰብ ጨው የሌለው ውኃ በምን መከራ እንደሚገኝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ስድብ አይደለም። አቶ ጉግሳ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

የእሁዱ ዙር እርሳቸው ቤት ሲደርስ ጠጥተው አያውቁም። ሆኖም መሥራች ናቸው፣ ይሉኝታም ይገባል ተብሎ ደንቡ ታልፎላቸዋል። ይህ የማኅበሩ ቸርነት ነበር፤ ውለታው እንዴት እንደተመለሰም ከዚህ በታች ይታያል።

መስከረም 1 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲሱ ዓመት የቅምሻ በዓላችን ላይ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ሁለት ቢራ ጠማቂዎች በእንግድነት ተገኝተው ነበር። ለእንግዶቹ የሚቀርበው ከአቶ ሰርጸድንግል ጋን እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወስኗል፤ ብንጠላቸውም ከእርሳቸው የተሻለ የሚጠምቅ አልነበረምና። ከእንግዶቹ አንደኛው ደንባችንን ሰምቶ ኖሮ የመጀመሪያውን ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ ለጠማቂው አቀረበ። አቶ ሰርጸድንግል አልተቀበሉም። ሊቀመንበሩ ለመኗቸው፤ መምህርት አይናለምም ለመነቻቸው። እርሳቸው ግን “እኔ አልጠጣም። ካላመናችሁኝ ድፉት” አሉ። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ አባላቱም ተከትለው አስቀመጡ። ቢራው ግቢው አሸዋ ላይ ተደፋ። ሽታው ግሩም ነበር።

ኮሚቴው በማግስቱ ከኃላፊነትም ከአባልነትም አገዳቸው። ከዚያ በኋላ “የሚጨምሩበትን ስለሚያውቁት ነው የማይጠጡት” የሚል ወሬ ከአሰብ ሰጊር ሰፈር እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ተሰማ። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ማኅበሩ አያውቅም፤ እንዲጣራም አልጠየቀም። አቶ ሰርጸድንግል ማስተባበል ይችሉ ነበር። አላስተባበሉም። ብቻቸውን ይጠምቁ ጀመር፤ በመንገድ ሲያገኙንም በአንገታቸው ሰላም ብለው ያልፋሉ። ኩራተኛ ነበሩ። ይህን ስንጽፍ አናፍርም።

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የታገደ አባልም ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል። ስለሆነም አቶ ጉግሳ፣ መምህርት አይናለምና ሾፌር ትግሉ ማኅበሩን ወክለው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ዓባይነሽ ባለቤታቸው ከጾሙ በፊት የጠመቁት ቢራ ቆርኪው ተገጥሞለት በእርጥብ ጆንያ ሥር መኖሩን ለልዑካኑ ገለጹ። ሟቹ ለፋሲካ ማኅበሩን ሊጠሩበት አስበው ነበር ተብሏል። ዕርቅ ፈልገው ይሁን ልክ ሊያስገቡን፣ ማኅበሩ አያውቅም። ወይዘሮ ዓባይነሽ ይህ ቢራ ሚያዝያ 28 ቀን በሚደረገው ተዝካር ላይ እንዲጠጣ ጠየቁ።

ጎረቤቱ ግን ወሬውን ሰምቷል። ለተዝካሩ መጠጥ ከሌላ ቤት ይምጣ ያሉ አሉ፤ ከዚያ ቤት ቢራ ልጆቼን አላስቀምስም ያሉም አልጠፉም። ነገሩ ግልጽ ነው። ማኅበሩ ካልጠጣው ማንም አይጠጣውም። ማንም ካልጠጣው ደግሞ ወሬው እውነት ሆኖ በሟቹ ስም ላይ ይቀራል፤ ወይዘሮ ዓባይነሽና ልጃቸውም በዚህች ከተማ ያንን ስም ተሸክመው ይኖራሉ።

ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ ደጋግሞ ተሰብስቦ ደጋግሞ ተጣልቷል። አቶ ጉግሳ ደንብ ደንብ ነው በሚለው ጸኑ፤ ጠማቂው በሕይወት ሳሉ አልጠጡም፣ ከእንግዲህም አይጠጡም፣ ስለዚህ ቢራው አይጠጣም። ሾፌር ትግሉ ሰውን ሁለት ጊዜ መቅበር ነው ብሎ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። መምህርት አይናለም ለማንኛችንም ሳትነግር ወደ ወይዘሮ ዓባይነሽ ዘንድ ሄዳ፣ ባለቤትዎ ለምን አይጠጡም ነበር ስትል ጠየቀቻቸው። ይህን ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ዓባይነሽም መልሱን ለእርሷ ብቻ እንደማይነግሩ አስታውቀው ኮሚቴውን በሙሉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ወደ ቤታቸው ጠሩት።

እንደ ወይዘሮ ዓባይነሽ ቃል፣ በ1980 ዓ.ም. ክረምት ልጃቸው ጸደይ በወባ ተይዛ ሐኪሞቹ ተስፋ በቆረጡ ጊዜ አባትየው ለመድኃኔዓለም ተሳሉ። ልጄን ብትተውልኝ መጠጥ በአፌ አይዞርም አሉ። ጸደይ ዳነች። ስለታቸውን ለሰው አልተናገሩም፤ ከእግዚአብሔር ጋር የተዋዋሉትን ለሰው ማውራት ምስጋና መለመን ይመስላቸው ነበር። መጠጡን ተዉት። መጥመቁን ግን መተው አልቻሉም፤ ስለታቸውም ያንን አልነካም።

ማኅበሩ ይህን ሲሰማ አልተጽናናም፤ ተናደደ። “ስለት አለብኝ” ማለት ምን ይከብዳል? እንኳን ለማኅበር ለመንገደኛም የሚነገር ነው። ይህን ቢሉ ማን በግድ ያጠጣቸው ነበር? እኛ ስለት የማናከብር አረመኔዎች ነን? ያ ሁሉ ቢራ በእንግዳ ፊት ከሚደፋ፣ እኛም ከምናፍር፣ እርሳቸውም በየመንገዱ በክፉ ከሚነሱ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? ይህን ጥያቄ የምናቀርበው ለሟች እንደሆነ እናውቃለን። መልስም አንጠብቅም፤ በሕይወት ሳሉም አይመልሱም ነበር።

አቶ ጉግሳ ይህንንም ከሰሙ በኋላ ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። ስለት ይከበራል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው በጠማቂው ፋንታ ይጠጣ የሚል አንቀጽ የለም አሉ። ይህን ጊዜ በበሩ አጠገብ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ጸደይ ወደ መሐል መጣች። ዛሬ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ በጤና ረዳትነት የምትሠራ ወጣት ናት። ቃሏን ሳንቀንስ እናሰፍራለን፦ “አባቴ በእኔ ምክንያት ያልጠጣውን አስቀድሜ የምጠጣው እኔ ነኝ። ተቀምጣችሁ እዩኝ። ካልሞትኩ ጠጡ።”

መምህርት አይናለም አለቀሰች። አቶ ጉግሳ ማንንም ሳያዩ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ለእርሳቸው እንዲሰጥ ጠየቁ።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው በአቶ ሰርጸድንግል ላይ የተጣለውን እገዳ አንስቷል። ሚያዝያ 28 ቀን በተዝካሩ ላይ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጸደይ ሰርጸድንግል፣ ሁለተኛውን ሊቀመንበሩ ይጠጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በሙሉ ይጠጣል። ያለበቂ ምክንያት የቀረ አባል በራሱ ፈቃድ ማኅበሩን እንደለቀቀ ይቆጠራል። የወሬውን ባለቤት የሚያውቁ አባላትም በዚያን ቀን አፋቸውን ለመጠጥ ብቻ እንዲከፍቱ በጥብቅ እናሳስባለን። ጎረቤቶችም ቆመው ማየት ይችላሉ፤ መጠጣት የሚፈልግ ብርጭቆ አይጠፋለትም።

ለወይዘሮ ዓባይነሽ፣ ለጸደይ፣ በደሴ ላሉ ቤተ ዘመዶቻቸው እንዲሁም በወደቡ አብረዋቸው ለደከሙ የሥራ ባልደረቦቻቸው ማኅበሩ ብርታቱን ይስጣችሁ ይላል፤ ሀዘናችሁ ሀዘናችን ነው። ለአቶ ሰርጸድንግል ነፍስም ዕረፍትን እንለምናለን። በዝምታቸው ስላደረሱብን በደል ይቅርታ የማድረጉ ጉዳይ ለጊዜው በይደር ተይዟል። ቢራው መልካም ሆኖ ከተገኘ ግን ጠማቂው በሌሉበት ለማን እንደምንነግረው እስካሁን አልተወሰነም።