ያልጠቆረው ፕላስተር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ደረጃ መውጣቱን ተወት አድርጊ ብዬሽ ነበር፤ መቼም እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ መብላትና መተኛት ከጤና ካልተቆጠረ። ይህን ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ለጸሎት ቡድናችሁ ሴቶች ከማንበብሽ በፊት፣ አደራ፣ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው የላክሁልሽ ሲነበብ ሴቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልል ማለታቸውን ጽፈሽልኝ ነበር። ስለ እትዬ የጻፍኩት ነው። አብራኝ የቀዶ ጥገና ዕቃ የምታጥበውና የምትቀቅለው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እግዚአብሔርን አኩርፌዋለሁ የምትለው። ታረቂው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ነዘነዝኳት። ሌሎቹ የሥራ ጓደኞቻችን «ፓስተር መጣ፣ ጓንታችሁን አውልቁና አጎንብሱ» እያሉ ሲቀልዱብኝ እሷ ብቻ ዝም ብላ ትሰማኝ ነበር። ያን ሰኞ ግን የያዘችውን መቀስ አስቀምጣ አለቀሰች። «በል እንግዲህ ጸልይልኝ፣ ታርቄዋለሁ» አለችኝ። ይህን ጻፍኩልሽ። የቀረውን አልጻፍኩልሽም።

ሥራችንን ላስረዳሽ። ዕቃው ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ይገባል። በጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት፤ እንፋሎቱ በደንብ ካገኛቸው ይጠቁራሉ። ካልጠቆሩ ዕቃው ጀርም አለው ማለት ነው። ለማወቅ ዓይንን ጣል ማድረግ ይበቃል።

ያን ሰኞ መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ መሃል ላይ ቆሟል። እኔ የት አይቼው! እትዬ ፊት ቆሜ ስለ ምሕረት አፌን ሞልቼ እያወራሁ ነበር። ከቀዶ ጥገና ክፍል «ቶሎ በሉ፣ ምጥ የጠናባት ሴት አለች» ብለው ሲጣሩ፣ ወሬዬን እንኳ ሳላቋርጥ ጥቅሉን አውጥቼ በመስኮቱ ሰጠኋቸው። ፕላስተሩን አላየሁትም፤ በጥድፊያው እነሱም አላዩትም። መዝገቡ ላይ መፈረም ያለበት ዕቃውን ያወጣው ሰው ነው። እጄ ጓንት ውስጥ ስለነበር «እትዬ፣ እስቲ ፈርሚልኝ» አልኳት። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ፈረመች።

ሴትየዋ በቀዶ ጥገናው ወንድ ልጅ ተገላገለች። በሦስተኛው ቀን ቁስሏ አመረቀዘ። በሳምንቱ ማኅፀኗ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው እማዬ! ባሏ ሰዉ ፓስተር ሲለኝ ሰምቶ «እባክህ ጸልይላት» ብሎ እጄን ያዘኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ግንባሯ ላይ እጄን ጭኜ ጸለይኩላት። እሷም በዚያ ደካማ ድምፅዋ አሜን አለች።

ከዚያ የጥቅሉ ፕላስተር ከካርዷ ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ መስመሮቹ እንደነጡ። የነርሶቹ አለቃ ሜትረኗ ሁለታችንን ጠርታ መዝገቡን ዘረጋችና «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለች። እትዬ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ብዙም አልቆየች፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። አንቺ መጣሽብኝ፣ እልል ያሉት ሴቶች መጡብኝ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አያችሁልኝ ፓስተሩን!» ሲል ታየኝ። እትዬ «የእኔ ነው» አለች።

በዚያው ቀን ከሥራ ታገደች። ጋዋኗን አጣጥፋ ወንበር ላይ ስታስቀምጥ ተከትያት ገባሁና «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ጉዴን አየሽልኝ? እኔ አፌን ዘግቼ እሷን ለምን ዝም አልሽ እላለሁ! «አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ የጠበቅኩት» አለችኝ። ከበሩ ደርሳ ደግሞ ተመለሰችና «ያ ሁሉ የነገርከኝ ውሸት ነው እንዴ፣ ወንድሜ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፣ መልሴን ፈልጋ። እኔ ግን ጋዋኗን ከወንበሩ አንሥቼ ወደ ማጠቢያው ወሰድኩት።

አሁን ማንም ፓስተር ብሎ አይጠራኝም፤ ከሄደች ወዲህ መቀለድም ቀርቷል። በእሷ ቦታ ብቻዬን ስሠራ ፕላስተሩን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ለሜትረኗ ሦስቴ ጽፌ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ተቀምጦ እትዬ ትባረር ወይስ ትመለስ የሚለውን ይወስናል። ሐሙስ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ደብዳቤው አንቺ ጋ ሳይደርስ ከሥራ መባረሬን ደውዬ እነግርሻለሁ። ካልደወልኩ ምን እንዳደረግሁ ይገባሻል።

ብቻሽን አንብቢው ያልኩሽንም ትቼዋለሁ። ሴቶቹን ሰብስቢና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንደ ባለፈው ደብዳቤ አንብቢላቸው። ለእኔ ከመጸለያቸው በፊት ለእትዬ ይጸልዩላት፤ ለጥያቄዋ መልስ ያለው ሰው ይላክላት።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ምርቃትሽን ለጊዜው አልጠይቅሽም።

ልጅሽ

ይህን የጻፍኩት ረቡዕ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ወደ ፖስታ ቤት እየሄድኩ ነው። እንዳልደወልኩልሽ ታውቂያለሽ። እማዬ፣ አንቺ እንድትጽፊላት የሜትረኗን አድራሻ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።