ወርቅ አያትንና ግራጫ የልጅ ልጅን ስለለየው በር

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ሉድላም
የፔሊካን ዘውድ የመዝናኛ ዓለም የእንግዶች ደስታ ዋና ኃላፊ
ፍሎሪዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ በሐይቅዎም ላይ ሌት ተቀን ለሚንሳፈፉት የፕላስቲክ ፔሊካን ወፎች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ሣር ሜዳዎ ለምለም እንዲሆን፣ ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ በተለይም ዓይንዎ እንዳይደክም ከልቤ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ሚሺጋን በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ከመውደቁ በቀር ደህና ነን።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል በግል ጽፌልዎት፣ በጻፍኩ ቁጥር «ድምፅዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል ያው አንድ መልስ ስለደረሰኝ፣ ይህን ያህል ውድ የሆነ ነገር መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀር አገር ቢያየው ይሻላል ብዬ ነው። እኔ ራሴ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝና ሰውን በትሕትና ማስጠበቅ ምን ያህል ጥበብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ከእርስዎ ቢሮ ግን ገና ብዙ መማር እንደሚቀረኝ ተረድቻለሁ።

እኛ ሁክስትራዎች ከጥንትም የእርስዎ ግቢ እንግዶች ነን፤ ግቢው ውስጥ ግን አድረን አናውቅም። ወንድሜ ክሌይተንና እኔ ልጆች ሳለን፣ ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩት አባታችን ሃርላን ሁክስትራ መኪናችንን ሳንዱች ሞልተው ወደ ደቡብ ያወርዱንና ሁልጊዜ ከግቢው ውጭ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ርካሽ ማደሪያ ያሳርፉን ነበር። እናታችን ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሐይቁ የሚታይበት ክፍል ብናድር ምን አለ ስትላቸው፣ «ሰው ሲተኛ ዓይኑን ይከድናል፤ ታዲያ ለመስኮቱ ምን አስከፈለን?» ይሏት ነበር። ማታ ማታ ከማደሪያው ደረጃ ላይ ተደርድረን የእናንተን ርችት በነጻ እናይ ነበር፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ስላላመሰገንን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዘንድሮ ሐሳባችንን ያስቀየረን የዓይን ሐኪሙ ነው። የአባቴ ዓይን ከመሃሉ እየጠፋ መሆኑን፣ ቅጠል ሲረግፍ ሰው ፊታቸው መቆሙን እንጂ ማን መሆኑን እንደማይለዩ ነገረን። እስከዚያው ግን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታና ሰው ሳይበዛ፣ ደህና አድርገው ያያሉ፤ ቀትር ሲቃረብና ብርሃኑ ሲያንጸባርቅ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆንባቸዋል። ምን ማየት ይፈልጋሉ ብለን ስንጠይቃቸው ባሕርም ተራራም አላሉም። የክሌይተንን ልጅ፣ የስድስት ዓመቷን ቲልዳን፣ እኛን ያስቀምጡን በነበሩት በእናንተ ተሽከርካሪ የእንጨት ፈረሶች ላይ ሆና ስትዞር ፊቷን ማየት ነበር የፈለጉት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

እንግዲህ ውስጥ እንደር ወይስ ውጭ የሚለው ክርክር ከዚህ ተነሣ። ክሌይተን የአባቱ ልጅ ነውና ከውጭ ንቅንቅ አልልም አለ። «ቁርስ በነጻ፣ መዋኛ በነጻ፣ የተቀቀለ እንቁላል ኪስሽ እስኪሞላ! ምን ጎደለሽ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ ላደሩ እንግዶች ብቻ በሩ ከሌላው ሰው ቀድሞ ለአንድ ሰዓት እንደሚከፈት በማስታወቂያዎ አንብቤ ነበርና፣ ያቺ የጠዋት ሰዓት ለአባዬ ዓይን የተፈጠረች ነች ብዬ ተሟገትኩ። አሸነፍኩም። እንዲህ ያለ ድል ለጠላትዎ እንዲሆን እመኛለሁ።

ስደውል ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ክፍል ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔና አባቴ እሱን ያዝን፤ ክሌይተን፣ ሚስቱ ጂኔትና ቲልዳ ውጭ ማደራቸው ነው። ስለዚህ ስልኩን ያነሣችውን የእርስዎን ታባታን፣ ውጭ የሚያድሩት በጠዋቷ ሰዓት ከእኛ ጋር መግባት ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ያልሰማች መስሎኝ ደግሜም ጠየቅኋት። «የኔ ማር፣ ቤተሰብ እኮ ቤተሰብ ነው!» አለችኝ እየሳቀች። «ሁላችሁም አንድ ዓይነት ቲሸርት ልበሱና ከች በሉ፤ ማን አባቱ ይለያችኋል!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ወረቀት እንኳ ሳልይዝ የሴትዮዋን ሳቅ ይዤ ቢጫ ቲሸርቶች አሠራሁ፤ ጀርባቸው ላይም «ሁክስትራዎች አንድ ላይ» ብዬ አስጻፍኩ። በእኛ አገር ቤተሰብ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ቲሸርት ካሠራ ነገሩ ከጋብቻ ውል አያንስምና፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጀልባዎ። ውስጥ ያደረ እንግዳ ከደጃፉ በጀልባ ተሳፍሮ እንደ ንጉሥ በሩ ድረስ እንደሚሄድ ነግራችሁን ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ሆነና፣ ያን ዕለት ነፋስ ነው ተብሎ ጀልባው አልተነሣም፤ አውቶቡሱም እያንዳንዱን ሆቴልዎን እየዞረ ሰው ሲለቅም እኛ የመኪና ማቆሚያዎችዎን ሁሉ አንድ በአንድ ጎበኘን። ውጭ ያደረው ወንድሜ በእግሩ መንገዱን ተሻግሮ ከእኛ ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ በኪሱም እንቁላል ነበረው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው በመጨረሻ ሌላ ሰው ሲነዳላቸው በማየታቸው ደስ ብሏቸው ነበርና እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ክፍላችን ማቀዝቀዣ። የአባቴ የዓይን ጠብታ ገብቶበታል። ሌላ ነገር ለማስገባት መሞከሬ የእኔ ስግብግብነት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ በሩ። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው አያውቁ ይሆናልና ልንገርዎ፤ በጣም ያምራል። ፀሐይዋ ገና ከዛፎቹ በላይ አልወጣችም፣ ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል፣ የእንጨት ፈረሶቹ ጣሪያም ከአጥሩ ማዶ ይታያል። አባቴ ጣሪያውን አይተው፣ «አሁን ቀይ ቀብተውታል አይደል?» አሉ፤ እውነትም ቀይ ነበር። በዚያች ሰዓት ዓይናቸው እያየ ነበር ማለት ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ከሁሉ በላይ እንዲያስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ከዚያም ስሟ ራሞና የሆነች፣ ፊቷ የደግ ሰው ፊት የሆነ የበር ጠባቂ በእጃችን ላይ ያሠራችሁልንን የላስቲክ አምባር አየች። እኔና አባቴ ወርቅማ አስራችሁልን ነበር፤ ለእነ ክሌይተን የተሰጣቸው ግራጫ ነበር። «ጌታዬ፣ እርስዎ ወርቅ ነዎት፣ ይግቡ» አለቻቸው። «ሕፃኗ ግን ግራጫ ናት፤ በሩ ለሁሉም እስኪከፈት ትጠብቃለች።» ክሌይተን ዞሮ ጀርባውን እያሳየ፣ «እንዴ! አንድ ስም አይደል እንዴ? አታነቢም?» አላት። «ቲሸርቱስ ያምራል ወንድሜ» አለችው፤ «ማሽኑ ግን ቲሸርት ማንበብ አያውቅም።» እኔም ስለ ታባታ ነገርኳት። ራሞና ከልቧ አዝና፣ ታባታ የምትሠራው ከሌላ አገር ሆና እንደሆነ፣ በሩንም አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

በዚህ መሃል ቲልዳ የአያቷን እጅ ይዛ የራሷን አምባር ስትመለከት ቆየችና፣ «አያቴ፣ ግራጫ የሆንኩት ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ በእኔ ፈንታ እርስዎ ቢመልሱላት እመርጣለሁ፤ የእንግዶች ደስታ ዋና ኃላፊ እርስዎ ነዎትና።

ራሞናም መፍትሔ ፈለገችልን፤ አባቴ ገብተው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ለልጅቷ እንዲያውለበልቡላት ሐሳብ አቀረበች። አባቴ ግን፣ «ልጄ፣ እኔ ፈረስ ልጎበኝ አልመጣሁም። መቀስ አለሽ?» አሏት፤ ወርቁንም እዚያው በሩ ላይ ከእጃቸው አስቆረጡት። የእኔንም አስቆርጥ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ የዓይን ጠብታቸው ክፍሉ ውስጥ መሆኑን አስታወስኳቸው። ይህን ሳያስታውሱ መቁረጣቸው ግን ቀጣዩን ምስጋናዬን ወለደ።

አራተኛ፣ ስለ ቁልፉ። ያ አምባር የክፍል ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የእንግድነትም ማስረጃ መሆኑን ያወቅነው አባቴ ማታ ወደ አልጋቸው ለመመለስ ሲሞክሩ ነው። የሆቴልዎ ዘበኛ በታላቅ ጨዋነት «አባባ፣ ውጭ የሚያድሩ ሰዎች እዚህ መቀመጥ አይፈቀድላቸውም» ብሎ ሸኛቸው። አዲስ አምባር ለማግኘት አሮጌው እንዲቀርብ ተጠየቅን፤ አሮጌው ግን በራሞና የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነበር። በመጨረሻም አባቴ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ክሌይተን ክፍል ውስጥ፣ ሶፋ ላይ አደሩ። ክሌይተን «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ፈረሶቹ። ይህን አጭር ላድርገው፤ ለመጻፍም ይከብደኛል። በሩ ለሁሉም ሲከፈት ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ገባ፣ ሰልፉም ረዘመ፤ የቲልዳ ተራ ሲደርስ ፀሐይዋ መስተዋት በመስተዋት በሆነው መሽከርከሪያዎ ላይ ነድዳ ነበር። አባቴ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ፈረሶቹ መዞር ሲጀምሩ እጃቸውን አነሡና ለመጀመሪያው ልጅ አውለበለቡ፤ ለሁለተኛውም አውለበለቡ፤ ለሚያልፈው ፈረስ ሁሉ፣ ባዶ ለነበሩትም ጭምር እየሣቁ አውለበለቡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የትኛዋ እንደሆነች ልነግራቸው ስል፣ «ዝም በይ፣ ሼሪል፣ አየኋት» አሉኝ። የሚያዩት ግን ወደ ሌላ በኩል ነበር።

ቲልዳ ስትወርድ አኩርፋ ነበር። «አያቴ ለሁሉም ሰው ነው ያውለበለበው» አለች፤ «ለእኔ ለብቻዬ አይደለም።» እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ እንዳታመልጪኝ ብዬ ነው፣ የኔ አበባ» አሏት። ልጅ ይህ ቶሎ አይገባትም፤ እኔ ግን ገብቶኛል፤ በዚያች ቀን የተከዳሁትን ያህል በሕይወቴ ተከድቼ አላውቅም። ጥፋተኛ ስፈልግም ፈገግ ያላለ ሰው አላገኘሁም፤ ታባታ እየሳቀች፣ ራሞና እያዘነች፣ ዘበኛው እየሰገደ፣ ሁሉም በትሕትና የአባቴን አንዲት ሰዓት እጅ በእጅ ተቀባበሉና አጠፏት።

በሥራ ቦታዬ ለእረፍት ወደ እናንተ የሚመጡ ሰዎች፣ ውስጥ ማደር ይሻላል ወይስ ውጭ ብለው ይጠይቁኛል። ድርጅትዎን መጉዳት ስለማልፈልግ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ አብሯቸው ውስጥ የሚያድር ከሆነ ውስጡ በጣም ጥሩ ነው እላቸዋለሁ። አንድ ሰው እንኳ ውጭ የሚቀር ከሆነ ግን ሁሉም ውጭ ይደሩ። እንቁላሉም አይከፋም።

እንግዲህ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሐይቅዎ እንዳይጎድል፣ ጀልባዎም አንድ ቀን እንዲነሣ እየተመኘሁ፣ ለከፈቱልን በርና ለዘጉብን በር እኩል ባለዕዳ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

በወርቅ ገብታ በግራጫ የወጣች፣
የዘወትር አክባሪዎ
ሼሪል ሁክስትራ
ምዕራብ ሚሺጋን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቢሮዎ በመጸው ስለ ሁሉም ነገር ይቅርታ ጠይቆ፣ «ያ የማይረሳ ቅጽበት ለዘላለም የእርስዎ ይሁን» ብሎ፣ ፈረሶቹ ላይ ያለው ካሜራችሁ ያነሣውን የልጅቷን ፎቶ በሚያምር ክፈፍ አድርጎ ለአባቴ በስማቸው ልኮላቸዋል። ከልብ እናመሰግናለን። ልጅቷ ቲልዳ አይደለችም። ቢጫ የለበሰች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ማን እንደሆነች የማናውቃት የሰው ልጅ ናት። አባቴ ግን አሁን ፊት አይለዩምና ፎቶውን ከወንበራቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ ለጎረቤቱም ለፖስተኛውም «ይኸው፣ አየኋት እኮ!» እያሉ ያሳያሉ፤ ከመካከላችን እውነቱን ለመናገር አንደበት ያገኘ የለም። ለምስጋና በዓል ሁላችንም ስንሰበሰብ ቲልዳን ጠርተው ፎቶውን እጇ ላይ አደረጉላትና፣ «እንዴት አምሮብሻል!» አሏት። ቲልዳ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔንም አባቷንም አየችን። ከዚያም፣ «አዎ፣ አያቴ፣ አምሮብኛል» አለች።